ሜዳ ፍለጋ

ትሪየስቴ ዳገት ናት፤ አንዱ ቤት ባንዱ ቤት ትከሻ ላይ፣
መንገዷ ከባሕር ተነሥቶ የሚንጠላጠል ወደ ሰማይ።
መኪና ያቆመ ሁሉ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፤
ዳገት ላይ የተለካ ዘይት ደግሞ ይዋሻል።
አባቴ ነው ያለኝ፦ "ያዘመመ መኪና የሰከረ ምስክር ነው፤
ወዳጋደለበት ነው የሚመሰክረው።"

ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ገና በቅጡ ሳይነጋ፣
ቫኗን ይዤ እወርዳለሁ፣ ሜዳ ፍለጋ።

ሳምንቱን ሙሉ የተሸከመችው አንሶላ ነው፤
የሰባት ሆቴል አንሶላ፣ የማላውቀው ሰው የተኛበት፣
ያለቀሰበት፣ ወይን የደፋበት።
እሑድ ግን ባዶዋን ናት፤ ሆዷ ያስተጋባል።
ከአሮጌው ወደብ ጫፍ፣ ሐዲዱን ሣር ከዋጠው ቦታ፣
ከባሕሩ እኩል የተኛ ድንጋይ አለ፣ ሰፊ እንደ ገበታ።
እዚያ አቁሜ ሞተሩን አጠፋለሁ። ዘይቱ ይውረድ፣ ይርጋ።
አሥር ደቂቃ እሰጣታለሁ፣
ለሰው ሰጥቼ የማላውቀውን።

ኮፈኑን ስከፍት ቦራ ትደርሳለች።
ቦራ የዚህ አገር ነፋስ ናት፤ እንደ አበዳሪ ሳታንኳኳ ትገባለች፤
ኮፈኑን ከእጄ ልትነጥቅ ትታገላለች።
እኔም በትከሻዬ ደግፌ፣ ጨርቁን በጥርሴ ነክሼ፣
መለኪያውን መዝዤ፣ ጠርጌ፣ ከትቼ፣ ደግሞ መዝዤ መልሼ
አየዋለሁ፦ ከሁለቱ ጭረት መሐል።
ጠቁሯል። ግን ይበቃል።

ራዲያተሩን እስኪበርድ አልነካውም።
"የተቆጣ ሰው ነው፤ ራሱ እስኪመለስ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ" ያለኝ ሰውዬ
ክንዱ ላይ የኮምቦልቻን ካርታ የሚያህል ጠባሳ ነበረው።
ምክሩን መጀመሪያ የጣሰው እሱ ነው።

የፍሬን ዘይት ላይ ግን ቀልድ የለም።
አንሶላ ጭኖ ይህን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው
ፍሬን ማለት ሃይማኖት ነው።
አዲሱ ብርዝ ይመስላል፤ ሲከርም ሻይ፣
ሲብስበት ደግሞ ማንም ያልጠጣው፣ የተረሳ ሻይ።
ዛሬ ባትሪ አብርቼ ባየው
ሁለተኛው ሻይ ነው።

እንግዲህ ነገ ፌሩቾ ሱቅ ነኝ።

ስመጣ ጣልያንኛ አልነበረኝም። ዳቦ የምገዛው በጣቴ ጠቁሜ፣
ሐኪም ቤት የምናገረው ሆዴን ይዤ፣ ታምሜ።
አንድ ቀን ሞተሯ ሲያስነጥሳት ጊዜ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ፣
ባንኮኒውን ተደገፍኩና ከአባቴ ጋራዥ የያዝኩትን ዘረገፍኩ፦
ካንዴላ። ፊልትሮ። ኩሽኔታ።
ካቻቢቴ። ፒንሳ። ማርሚታ።
ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ሌላው ደንበኛ ዞረ።
"ቸርኬ" ስል አንገቱን ነቅንቆ አቃናልኝ፤
እኔ መልሼ አጣመምኩት፤ ሳቀ።

ቃሎቹ ወደኛ በምን እንደመጡ፣ ማን ጭኖ እንዳመጣቸው፣
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም ተባባልን።
ከዚያ አራት ካንዴላ ቆጠረልኝ፣
አምስተኛውን ደግሞ መረቀልኝ።
ለአራት ሲሊንደር አምስት ካንዴላ ምን ያደርጋል?
እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ በዞርኩ ቁጥር ይንኳኳል።

ጎማዎቹን በእግሬ መታሁ፤ የኋላው ቀኝ ትንሽ ላልቷል።
የመስታወቱን ውሃ ሞላሁ፤ ግማሹን ቦራ ፊቴ ላይ ረጨችው።
የመዳፌ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "ፍሬን ዘይት" ብዬ ጻፍኩ፣
እንደ ተማሪ፣ ነገ እንዳልረሳ።
ኮፈኑን ላወርድ እጄን ብዘረጋ
ቀደመችኝ፤ ቦራ ራሷ ዘጋችው።

ሰኞ ፌሩቾ ጋ።
እስከዚያው በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ።